ባለ ሦስት መቶ ሺው ወንበር

አክስቴ ወስፌ ትባላለች። ስሟ ሌላ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚሁ ነው የምትጠራው። ግማሹ ምክንያት ከቀኝ እጇ የማይለየው ወስፌ ነው፤ ግማሹ ምላሷ ነው። ባቲላሜራዎቹ ቆርቆሮ በሚቀጠቅጡበት ግቢ ጥግ፣ አንዲት በቆርቆሮ የተከለለች የኪራይ ክፍል ውስጥ የመኪና ወንበር ትሰፋለች። መኪና አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት ከተገኘ፣ አንድ አለኝ ትላለች፤ የስፌት ነው፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ትራፊክም አያስቆመውም።

ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ሲያመሰግናት የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፋብሪካ ነው»። ስፖንጁ የወጣ ወንበር ይዞ የመጣ ሹፌር፣ ሲረከብ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ እንዲህ ካላት ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይበራል። በዚያ ሙያ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። የሰው እጅ ያልነካው መስሏል ማለት ነው። ኋላ ጉድ የሠራትም ይኸው ምስጋና ነው።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ስልክ መሸጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ጭንቅላቴ በዝነኞች መኪና ዋጋ የታጨቀ ነበር። ዓርብ ዓርብ ዝነኛ ሰዎች ምን እንደሚነዱና በስንት እንደገዙት የሚጠይቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አለ። የትኛዋ ዘፋኝ መኪናዋን በስንት ሚሊዮን እንዳስገባች፣ የትኛው ኳስ ተጫዋች ለጎማ ብቻ ስንት እንዳወጣ፣ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልስ ነበር። አክስቴን ግን አንድ ወንበር በስንት ትሰፊያለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ቤታችን መጣችና፣ የነገውን ፕሮግራም ሁላችሁም እዩልኝ አለችን። ለካ ነገ የሚቀርበውን የአንድ ዝነኛ ተዋናይ መኪና ወንበሮች የሰፋችው እሷ ናት። የተዋናዩ ማናጀር ወንበሮቹን ፈትቶ አምጥቶላት፣ ነጩን ቆዳ የጋራዥ ዘይት እንዳይነካው ቤቷ ወስዳ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሰፋ ከርማለች። እስኪታይ ድረስ ለማንም እንዳትናገሪ ተብላ ዝም ብላለች፤ ይኼ ለአክስቴ ከስፌቱ የባሰ ሥራ ነው። አሁን ግን ነገር ሆዷ አላድር ብሎ፣ ለጋራዡ ሰው ሁሉ አውርታ ነበር ወደኛ የመጣችው።

ዓርብ ተሰብስበን አየን። ተዋናዩ የመኪናውን በር ከፈተ፤ ጠያቂዋ ገብታ ተቀመጠችና ስፌቱን ደባበሰችው። ፋብሪካ ነው አለች። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ወንበሩ ውጭ አገር በልዩ ትእዛዝ እንደተሰፋና ለወንበሩ ብቻ ሦስት መቶ ሺህ እንደከፈለ ተናገረ። አክስቴ የተቀበለችው አሥራ ስምንት ሺህ ነው።

ሁላችንም ዞረን አየናት። እኔማ ከማየትም አልፌ ሳቅሁ። «አክስቴ፣ የሰፋሽው የሌላ ሰው መኪና ይሆናላ» አልኳት። ያኔ ምላሴን በቆረጠው ይሻለኝ ነበር። የራሴን አክስት ትቼ፣ በአካል አይቼው የማላውቀውን ሰው አመንኩ። እናቴ ልታባብላት፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብትላት ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች።

«ዕድሜዬ ስንት ቀረና ነው እያደርኩ የምጠብቀው?» ብላ ወጣች።

ሰኞ ጋራዡ ውስጥ «ሦስት መቶ ሺህ» የሚል አዲስ ስም ወጣላት። ቀለም ቀቢው ባያት ቁጥር፣ እትዬ ከውጭ አገር መቼ ገቡ ይላታል። ደንበኞቿም እሷ ዋጋ ስትናገር እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ አንዳንዱ ያለቀለትን ወንበር ገልብጦ፣ እውነት ይኼን አንቺ ነሽ የሰፋሽው ይላታል። ቆሽቷ አረረ። በሥራዋ ታምና የኖረች ሴት በስተርጅና ውሸታም ተባለች፤ ውሸታም ያስባላት ደግሞ ስፌቷ ማማሩ ነው።

በሁለተኛው ወር የተዋናዩ ውሻ የኋላውን ወንበር ዘነጣጠለው። ማናጀሩ መኪናውን ይዞ ከተፍ አለ። አክስቴ ወንበሩን ቀና ብላም አላየችው፤ ውጭ አገር የተሰፋ ነገር አልነካም፣ ወደተሰፋበት ይላክ አለችው። እጥፍ እንከፍላለን ቢላት እምቢ አለች። ባለጋራዡ ወደ ጎን ጠርቶ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ብታሳጪኝ ክፍሉን ለሌላ አከራየዋለሁ ብሎ አስፈራራት። ያከራየኸኝ ቆርቆሮውን እንጂ እጄን አይደለም ብላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማናጀሩ ሁለት ሌሎች ሰፊዎች ጋ ቢወስደው፣ ስፌቱን አይተው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል መስፋት አንችልም አሉት።

እናቴ፣ አክስትሽ ክፍሏን ልታጣ ነው፣ ሄደሽ ለምኛት ብላ ላከችኝ። ስደርስ ተዋናዩ ራሱ መጥቷል። በቴሌቪዥን ከምናየው አጠር ይላል። ሠራተኛው መዶሻውን ጥሎ ከቧቸዋል። እሱም እማማ እያለ፣ ዋጋውን ብቻ ይንገሩኝ እያለ ይለማመጣታል።

«ዋጋውንማ አንተው ተናግረሃል» አለችው። «ሦስት መቶ ሺህ። የኋላው ግማሹ ነው፤ መቶ ሃምሳ ሺህ ቁጭ አድርግና ዛሬውኑ እጀምራለሁ።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጠጋ ብሎ፣ ያ እኮ ለቴሌቪዥን ያህል የተባለ ነው፣ እርስዎ እውነቱን ያውቁታል አላት።

«እኔማ አውቀዋለሁ። ውሸታም ያሉኝ እነዚህ ናቸው። ለነሱ ንገራቸው።»

ባለጋራዡ መሀል ሊገባ ሲል አንዱ ባቲላሜራ ክንዱን ያዘው። ተዋናዩ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ፊልም ላይ ሲያለቅስ ስንቴ አብሬው አልቅሻለሁ፤ እዚያ ቆሞ መነጽሩን ሲያገላብጥ ግን ቅንጣት አላዘንኩለትም። በመጨረሻ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ወንበሩን የሰፉት እሳቸው ናቸው። የከፈልኩትም አሥራ ስምንት ሺህ ነው።»

«አልተሰማም» አለች አክስቴ። «ዋጋውን ስትጠራ እንኳ ድምፅህ እንዲህ አልነበረም።»

ጮክ ብሎ ደገመው። ቀለም ቀቢው አንገቱን ደፋ። ባለጋራዡም ስለ ክፍሉ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም።

ተዋናዩ ላቡን ጠርጎ፣ እንግዲህ ወንበሩ ለማታ ይደርስልኛል አይደል ብሎ ጠየቀ። አክስቴ በሯ ላይ የተደረደሩትን የተቦጫጨቁ ወንበሮች አሳየችው። «ከፊትህ አራት ታክሲ አለ። ሹፌሮቹም ቆመው አይነዱም። ተራህን ጠብቅ።»

ሰዉ ሲበተን ወደ ክፍሏ ገባሁ። እንባዬ ሳልጠራው መጥቶ ነበር። ይቅርታ ልላት ገና አፌን ስከፍት፣ ክር እያስገባች ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ ደግሞ ከሱ ኋላ ነሽ» አለችኝ።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ታክሲ አሮጌ ስፌት መፍታት ጀመርኩ።