ከሸካ የመጣችው የዘመንፈስቅዱስ ልጅ

ጥፋቱ የስልኩ ነው። ዘመንፈስቅዱስ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጢሙን ሊላጭ ወጣ፤ ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ሥርጉት አነሣችው። ባታነሣው ኖሮ የእኛ የካ ዳገት ያን ሳምንት ያለ ወሬ ባደረ፣ እኛም እፎይ ባልን ነበር።

የደወለችው ዶክተር አይናለም ናት፤ ሥራዋ ትንኝና ዝንብ መመርመር ነው። ዘመንፈስቅዱስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእነዶክተሯን መኪና ይዞ ሸካ ጫካ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ነው። በመጨረሻው የፊልድ ጉዞ አንዲት ዝንብ መላጣው ላይ አረፈችና ተመራማሪዎቹ መረባቸውን ከነጭንቅላቱ ደፉበት። ዝንቢቱ ማንም ከዚያ በፊት ያላወቃት፣ አባጨጓሬ ሆድ ውስጥ ገብታ የምታድግ ጥገኛ ሆና ተገኘች። ዶክተሯ ውለታ አትረሳምና በሾፌሩ ስም ልትሰይማት ወሰነች። ይኼን ለእናንተ ነገርኳችሁ እንጂ ለሥርጉት የነገራት የለም።

ለሥርጉት የተነገራት እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ያቺ ከሸካ ያመጣናት የዲኤንኤ ውጤቷ ደረሰ። በጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ስም ነው የምትጠራው። ጥገኛ ናት፤ ሌላ ጋ ገብታ ነው ያደገችው። ቅዳሜ ይምጡና ይዩአት፤ እርስዎም አይቅሩ።»

ሥርጉት ስልኩን አስቀምጣ ወንበር ፈለገች። ዲኤንኤ ምን እንደሆነ ከቴሌቪዥን ታውቃለች፤ ወንድ የካደውን የሚያሳምን ነገር ነው።

ልጅ አልወለዱም። ለስለት የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ያለቀው የእሷ ጉልበት ነው። ባሏ በዚህ ክፉ ተናግሯት አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሞቅ ብሎት፣ «ስም አስጠሪ ሳይኖረኝ ልሙት እንግዲህ» ብሏል፤ እሱ በማግስቱ ረሳው፣ እሷ እስከ ዛሬ አልረሳችም። እና ለካ ያ ሁሉ ፊልድ፣ ያ ሁሉ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዘንድሮ ለፋሲካ አልደርስም» ፍሬ አፍርቶ ኖሯል!

መጀመሪያ ልታንቀው አሰበች። ወጡ ላይ ጨው አበዛችበት፤ እሱ እቴ፣ ጣቱን ልሶ ተነሣ። ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ግን ያቺ «ጥገኛ» የምትል ቃል አላስቀምጥ አላስቆም አለቻት። አባት ቢያጠፋ ልጅ ምን አጠፋች? ሰው ቤት ተጠግታ ያደገች፤ ማን አበጠራት፣ ማን ጉንጯን ሳማት?

ለባሏ ትንፍሽ አላለችም፤ ለጎረቤቷ ለሰገነት ግን ነገረቻት። ለሰገነት መንገር ለሚኒባስ ረዳት መንገር ማለት ነው፤ እስከ መገናኛ ይሰማል። የዝንብ ጠንጋራ ለይቼ አውቃለሁ የምትለው ሰገነት እንኳ ስለ እውነተኛዋ ዝንብ ምንም አልጠረጠረችም። ወዲያው ዕድሜ ተመነች፣ መልክ አወጣች፣ ባል ሁሉ አጨችላት።

ሥርጉት ሹራብ መሥራት ጀመረች። ሸካ ሙቀት ነው፣ የእኛ ዳገት ብርድ ነው፤ ልጅቷ በመጣች በማግስቱ ጉንፋን ብትታመም ዓለም የሚፈርደው በእንጀራ እናት ነው። ያስጨነቃት ልኩ ነበር። ከጠበባት ታፍራለች፣ ቤታችን አይበቃሽም ያልናት ይመስላታል ብላ ደረቱን አሰፋችው፣ እጅጌውን አስረዘመችው። «እትዬ ሥርጉት፣ ይጠባት ይሆን?» እያለች ሰገነት ስታሰጋት ፈትታ እንደገና አሰፋችው። የጓዳውን ክፍል ጠርጋም አልጋ አነጠፈች። ባሏ ለማን ነው ሲላት ለእንግዳ ነው አለችው፤ እሱም እህቱ የምትመጣ መሰለው።

ሰውዬው በበኩሉ ዶክተሯ ዳግመኛ ደውላ ነግራው፣ ቅዳሜ ሚስቴን አስደንቃለሁ ብሎ ምስጢሩን ይዟል። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ያፏጫል! ሥርጉት ፉጨቱን ስትሰማ ክሩን ጠበቅ ታደርጋለች።

ዋዜማው ላይ አላስችል አለውና ነገ የማሳይሽ አለኝ አላት። አውቃለሁ፣ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ አለችው። ደነገጠ። ስሜን ለዝንብ መስጠታቸው ያሳፍራት ይሆናል ብሎ ሲፈራ ነው የሰነበተው።

«አልተቀየምሽም?»

«እሷ ምን አጠፋች? የእግዜር ፍጥረት አይደለችም?»

እንዴት ያለች ሴት ሰጠኸኝ ብሎ አማተበ።

ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሹራቡን በፌስታል ይዛ ከባሏ ጋር ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደች። ዶክተሯ ሳመቻት፣ ወንበር ሰጠቻት፣ ትንሽ ሣጥን አመጣች። ሥርጉት ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

«ልጅቷስ?»

«ይችው ናት፣ እማማ» ብላ ዶክተሯ ማጉሊያውን አስተካከለችላት።

ሥርጉት ጎንበስ ብላ አየች። መርፌ ላይ የተሰካች፣ ጀርባዋ ጠጉራም፣ ዓይኗ ቀይ ዝንብ። ዶክተሯ ሁለቱን ስሟን አነበበችላት። የመጀመሪያውን ምላስ አይችለውም፤ የወገኗ መጠሪያ ነው አሉ። ሁለተኛው ዘመንፈስቅዱስ ነው፤ ጫፉ ላይ አንዲት «ኢ» ቀጥለውበታል። ሁለተኛ ስም ደግሞ እንደ ማንኛችንም የአባት ስም ነው።

ቀና ስትል ፌስታሉ ከጭኗ ወደቀና ሹራቡ ወጣ። ዘመንፈስቅዱስ አነሣው። ያን የሚያህል እጅጌ አየ። አልጋው ትዝ አለው፤ «እሷ ምን አጠፋች» ያለችው ትዝ አለው። ቀስ ብሎ ገባው።

«ሥርጉቴ፣ የወለድኩ መስሎሽ ነው?»

«አዎ።»

«እና ልትቀበያት መጣሽ?»

«ብርድ ነው ብዬ ነዋ።»

የእናቱ ቀብር ላይ እንኳ እንባውን የዋጠ ሰው፣ ዶክተሯ ፊት ሹራቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ሚኒባስ ውስጥ ግን ሳቅ ጀመራቸው። መላጣው፣ መረቡ፣ ጨው የበዛበት ወጥ... ረዳቱ እስኪታዘባቸው ሳቁ። ወደ ሰፈር ሲቃረቡ ሥርጉት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባሏ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አልጋው ግን ተነጥፏል።

በር ላይ ሰገነት ሴቶቹን ሰብስባ፣ ዳቦ ደፍታ ትጠብቃለች። ከኋላቸው የሚወርድ ሌላ ሰው ሲጠፋ «የታለች?» አለች።

ሥርጉት ሹራቡን ከባሏ እጅ ተቀብላ አጣጠፈችው።

«እዚያው ቀረች» አለች። «ሹራቡ ሰፋት።»