የአስናቀው ጥርሳም ፍላጻ

አስናቀው ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከቋራ ተሰደን ሱዳን ገብተን ገላባት ዳር ስንሰፍር፣ እሱ ጎጆውን ከሰው ራቅ አድርጎ ቀለሰ። ራቅ በል ያለው የለም፤ ልማዱን ያውቃል። በሠራው ማጭድ እያጨድን፣ በሠራው ቢላ እየበላን፣ ዓይኑን ግን «ቡዳ ነው» ብለን እንፈራለን። እንዲህ ነን እኛ!

በዚያ ዓመት ማሽላው ቆሞ ደረቀ፤ የቀን ሥራም ጠፋ። ለስደተኛ ጠብመንጃ ስለማይፈቀድ ጎረምሶቹ ቀስት ይዘው ጫካ ገቡ። የፍላጻውን ጫፍ አስናቀው ከተሰበረ የሎሪ ባሌስትራ ይቀጠቅጥላቸዋል፤ ለጅግራ ልሙጡን፣ ለድኩላ ጥርሳሙን። የጥርሳሙ ጥርስ ወደ ኋላ የዞረ ነው። ድኩላው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ቢሮጥም አይወልቅም።

አንድ ቀን ከጎረምሶቹ አንዱን፣ ካሣን፣ ተሸክመውት መጡ። ጓደኛው ድኩላ መስሎት ወግቶት፣ ፍላጻው ጭኑ ላይ ተሰክቷል። ሐኪም ያለው ገዳሪፍ ነው፤ መኪና ደግሞ የለም። እናቱ ወርቅውሃ ጎጆዋ አስገባችውና በሩን በጋቢ ጋረደች።

አስናቀው እየሮጠ ደረሰ። «እትዬ ወርቅውሃ፣ እንዳይስቡት! ጥርሳሙ ከሆነ ሥጋውን ዘንጥሎት ነው የሚወጣ። እስቲ ልየው።»

«ደሙን ልታይ? ልጄን ልትጨርስልኝ ነው?» አለችው ከጋቢው ኋላ።

ወዲያው ካሣ ከውስጥ ጮኸ። ውስጥ ያሉት ፍላጻውን መሳብ ጀምረዋል። እኔ ደጅ አስናቀው አጠገብ ቆሜያለሁ። አስናቀው ነጠላውን ከትከሻው አወረደና ዓይኑን ጥፍር አድርጎ አሰረ።

«በል ምራኝ» አለኝ።

እጁን ይዤ አስገባሁት። ወርቅውሃ የነጠላውን ቋጠሮ ነካክታ አሳለፈችው። እሱም የካሣን ጭን በጣቱ ዳበሰ። ጫፉ በወዲያኛው በኩል ቆዳው ሥር ደርሷል።

«ጥርሳሙ ነው» አለ። «መንገዱ ወደፊት ብቻ ነው። አጥብቃችሁ ያዙት።»

እንጨቱን ከኋላ አስቆርጦ ብረቱን ወደፊት ገፋው። ካሣ አንዴ ጮኾ ጸጥ አለ። የሞተ መሰለኝ። ብረቱ ወጣ፤ ቁስሉን አሰርንለት። ካሣ ግን አሁንም ጸጥ እንዳለ ነው። ወርቅውሃ ደረቱ ላይ ተደፋች።

«ውሃ» አለ ካሣ በመጨረሻ።

ሁላችንም ተነፈስን። አስናቀው ፈገግ ብሎ ነጠላውን ሊፈታ እጁን ሲያነሣ፣ ወርቅውሃ እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። ደም እንደነካው ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ነጠላውን ግን ውጭ ስትደርስ ፍታው።»

እየመራሁ ጎጆው ድረስ ወሰድኩት። ነጠላውን ስፈታለት ርሷል።

«ላብ ነው» አለኝ።