መሐል ላይ ቀለሙ የተለወጠው ምንጣፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊልበርን ከተማ ለገዛችው ቤት ምንጣፍ አመጣች። የፋብሪካ ሥራ ነው። ቀዩ መሐል ላይ ሲደርስ ድንገት ይደበዝዝና የጡብ መልክ ይይዛል። «ዳዲ፣ ዲፌክት መሰለህ አይደል? ዲዛይኑ ነው፤ ኦልድ እንዲመስል ብለው ነው» አለችኝ። ተንበርክኬ ጀርባውን ገልብጬ አየሁ። በእንዲህ ያለ ቀይ ምክንያት የአንዲት አሮጊት ተስፋ እንደሰበርኩ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከሱዳን ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ፣ ዕድሜዬም ሃያ አራት ነበር። ስኮትዴል በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ከጓደኛዬ ከተፈራ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖራለን። እሱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፤ እኔ ካምራን በሚባል ኢራናዊ የምንጣፍ መደብር ውስጥ አጣቢ ነበርኩ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የጥድ ብናኝ መኪናውንም መንገዱንም እንደ እርድ ዱቄት የሚያለብስበት። የታጠበ ምንጣፍ ውጭ ማስጣት ስለማይቻል መደብሩ በሙሉ የረጠበ በግ ይሸት ነበር።

ካምራን አያምነኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምንጣፍ በተዘረጋ ቁጥር እጄ ሳላስበው ጀርባውን ይገለብጥና ድርና ማጉን በጥፍሬ እፈትሻለሁ። «ይህን ማን አስተማረህ?» ይለኛል። «ማንም» እላለሁ። ለሌላ መደብር ወሬ የማቀብል መስሎት ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጓሮ ይልከኝ ጀመር። አባቴ ሸማኔ ነበር። በኛ አገር የሸማኔ ልጅ መባል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለተፈራ እንኳ አባቴ ነጋዴ ነው ብዬው ነበር።

ጓሮ ውስጥ የካምራን አክስት ተቀምጠው የተቀደደ ይጠግናሉ። ስማቸው ጎልናር ነው፤ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው በግ ተከትለው ከሚዞሩ ዘላኖች ጋር ኖረዋል። ቀትር ላይ ከድስቱ ሥር የተጠበሰውን ሩዝ ፍቀው፣ የደረቀ ሎሚ ከገባበት ወጥ ጋር ያቀርቡልኛል። እንግሊዝኛቸው ከእኔም የባሰ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

አንድ ቀን ካምራን የእማማን ኪሊም እንዳጥብ ሰጠኝ። ኪሊም እንደ ሌላው ምንጣፍ ጸጉር የለውም፤ እንደ ጋቢ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሸመናል። ከእናታቸው ጋር የሸመኑት ነው። የልጅ ልጃቸው ከጦርነት ሸሽቶ ቱርክ ውስጥ ተደብቋል፤ ይህ ተሽጦ ነው ልጁን የሚያስመጡት። ገዢም ተገኝቷል። ጥንታዊ ምንጣፍ የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቅዳሜ መጥተው ሊወስዱት ነው።

ውሃ ሲነካው አየሁት። እስከ ወገቡ ደማቅ ቀይ፤ ከዚያ በላይ፣ ከአንዲት መስመር ጀምሮ፣ ሌላ ቀይ። የማጉም ውፍረት ይለያል። ደነገጥኩ። በኛ አገር ሴቷ ራሷ ፈትላ ማጉን ለሸማኔው ትሰጣለች። መሐል ላይ ፈትሉ ከተለወጠ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሸማኔው ጥሩውን አስቀርቶ ተልካሻ አግብቷል። አሥር ዓመት ሲሆነኝ አንዲት ወይዘሮ በዚሁ ነገር ደጃችን ድረስ መጥታ አባቴን «ሌባ!» ብላዋለች። አባቴ «አልነካሁም» አለ። ሸማውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አላመንኩትም።

ስለዚህ ካምራን ግማሹን በአዲስ ሱፍ አሸምኖ ጥንታዊ ነው ብሎ ሊሸጥ ነው አልኩ። እራት ላይ ለተፈራ ነገርኩት።

«ፍሮድ ነዋ!» አለ ጉርሻውን ሳይውጥ። «ከተያዘ አንተንም ይቻርጁሃል። ግሪን ካርድህ ገና ፕሮሰስ ላይ ነው። ለሰውየው ንገረውና ራስህን ክሊር አድርግ።»

«እማማስ?»

«አብረው ይሆናላ! ምን ታውቃለህ?»

ከዚያ ወዲያ የእማማን ሩዝ መብላት ተውኩ። መርፌ የያዘ እጃቸውን እያየሁ፣ ይህ እጅ ነው የሸመነው እያልኩ ሁለት ቀን ሰነበትኩ። «ለምን አትበላም?» ሲሉኝ «ሆዴን አሞኛል» አልኳቸው።

ቅዳሜ ሐኪሙ መኪናቸውን ፓርክ ሲያደርጉ ቀድሜ ወጣሁ። «ግማሹ አዲስ ነው» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ገቡ፤ መስመሩን አዩ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ካምራን ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ጮኸብኝ፤ እኔም መስመሩን በጣቴ እያሳየሁ ጮህኩበት። በጩኸታችን እማማ ከጓሮ ወጡ። ካምራን በቋንቋቸው ሲነግራቸው አልተቆጡም። ኪሊሙን መሬት ላይ ዘርግተው ተቀመጡና እጄን ይዘው ታችኛው ቀይ ላይ አኖሩት።

«እዚህ፣ ቆላ። ብርድ ጊዜ» አሉ። እጄን ወደ መስመሩ ገፋ አደረጉት። «እዚህ ሙቀት መጣ። የሽመናውን ካስማ ነቀልን፣ ጠቀለልን፣ ግመል ላይ ጫንን። ደጋ ወጣን። ሌላ ውሃ፣ ሌላ የቀለም ሥር፣ ሌላ በግ።»

አባቴ የሚሸምነው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው፤ የሸማኔ ጉድጓድ ደግሞ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሸማ ሳያልቅ ተጠቅልሎ አገር ያቋርጣል ብዬ በምን ልገምት?

«አባትህ ሸማኔ ነው?» አሉኝ። «ጀርባውን ስትገለብጥ አይቼሃለሁ።»

«አዎ» አልኩ። የሸማኔ ልጅ መሆኔን አሜሪካ ከገባሁ ሳምን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰኞ ዕለት ካምራን ሐኪሙ ቤት ወሰደኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና «ቅዳሜም እርግጠኛ ነበርክ» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ወሬው ስለተዛመተ ኪሊሙ ከወር በኋላ በግማሽ ዋጋ ለሌላ ሰው ሄደ፤ ለልጁ ጉዞ አልበቃም። ካምራን አሰናበተኝ፣ እውነቱንም ነው። የልጅ ልጃቸው ይምጣ አይምጣ አልሰማሁም። ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር፤ አፍሬ ቀረሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን በጥርጣሬዬ ሰው መነጠርኩ፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ያሳፍረኛል። ከእማማ ጋር አባቴ ይመጣብኛል። ያቺ ወይዘሮ ፈትሉን በአንድ ክረምት አልጨረሰችው ይሆናል፤ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን ሠራተኛዋ ፈትለውት ይሆናል። ይህን ሳልጠይቀው ሞተ። ያን ቀን ደጃችን ላይ «አልነካሁም» ሲል ወይዘሮዋን አላያትም፤ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር።