«እንብላ» ያላልኩት ሰው

ከራቤል ገበያ ስመለስ የጸጥታ ሰዎች ያዙኝ። ያስገቡኝ አንድ የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ የገብስ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር። ለተራበ ሰው ከዚያ የከፋ እስር ቤት የለም።

መርማሪው የፈለገው አንድ ፊርማ ነው። ጎረቤቴ ለታጣቂዎች ስንቅ ያቀብላል ብዬ እንድፈርም። ጎረቤቴ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ያቀበለው ነገር ቢኖር ለእኔ ያዋሰው ሞፈር ነው። እምቢ ስል ከቤት የሚመጣልኝን ምግብ ከለከለ። በሁለተኛው ቀን አስጠርቶኝ፣ ጥብስ አስቀርቦ ጣቱን እየላሰ ፊት ለፊቴ በላ።

«ፈርምና አብረን እንብላ» አለኝ።

ያቺ ቃል እንዲህ ስትረክስ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመደውን «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» እደግም ጀመር። አብረውኝ የታሰሩት ከቆላ የመጡ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። «በፊቴ ገበታን አዘጋጀህልኝ፣ በጠላቶቼ ፊት ለፊት» ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ መምህር፣ ጠላቶቹ አልሄዱም?»

«የት ይሄዳሉ?»

«ታዲያ ቆመው እያዩት ነዋ የሚበላው! ወላሂ፣ ይሄስ አንጀት ያርሳል።»

ስንት ሺህ ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ የማየው ግን ለምለሙን መስክና ውሃውን ብቻ ነበር። ያን ቀን ጠላቴ አንገቱን አስግጎ ቆሞ ታየኝ። በረታሁ። ያበረታኝ ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ በቀል ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሽማግሌው ከፎጣቸው ጫፍ የቋጠሯትን በሶ ፈቱ። በጆግ ክዳን ላይ በውሃ ለወስናት። ልንጎርስ ስንል መርማሪው ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

በእኛ አገር የሚበላ ሰው ለማያውቀው መንገደኛም «እንብላ» ይላል። ዝም ማለት ከስድብ ይብሳል። ሽማግሌው ልማድ ሆኖባቸው «እን...» ሲሉ ጉልበታቸውን ጫን አደረግኩት። ቀሪዋን ከበሶው ጋር ዋጧት።

አማተብኩ። ጎረስኩ። ቀስ ብዬ አላመጥኩ። «አበበ በሶ በላ» እያልኩ ስንት ዓመት ፊደል አስቆጥሬአለሁ፤ በሶ መብላት እንዲህ ያለ ጀግንነት መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ትፈርማለህ?»

«እየበላሁ ነው።»

ክዳኑን እስክንልስ ድረስ ቆመ። ፊቱ ቀላ። ዓይኑን ዓይኑን እያየሁ በላሁ፤ ጣፈጠኝ።

እስክፈታ ድረስ አልፈረምኩም። የዚያችን በሶ ዋጋ ጣቶቼ ያውቁታል፤ ዛሬም ጠመኔ ስይዝ ይጠዘጥዙኛል። ጎረቤቴ ግን ዘንድሮም ማሳውን አርሷል።

በቅርቡ ዓለም ከተማ አንድ ምግብ ቤት ስገባ መርማሪው ብቻውን ሽሮ ሲበላ አገኘሁት። ሥራውን ለቋል አሉ። አፉ ለምዶበት «መምህር፣ እንብላ!» አለኝ። አልመለስኩለትም። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ የራሴን አዘዝኩ፣ ሲመጣልኝም አማትቤ በላሁ። እሱ ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ መዝሙሩን ደግሜ አየሁት። ገበታው በጠላቶቼ ፊት ለፊት ተዘጋጀ ይላል እንጂ፣ «እንብላ» ተባሉ አይልም።