አቅታዋለች የተባለችው መኪና

በመስኮቴ ደፍ ላይ አንዲት ጥቁር፣ የተሰነጠቀች ክዳን አለች። ጉም ደሴን በሸፈነ ቁጥር አንስቼ አሸታታለሁ፤ ያረጀ ላስቲክ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ አቧራ ትሸታለች። የዲስትሪቢውተር ክዳን ናት፤ እሳቱ ወደ ካንዴላዎቹ የሚከፋፈለው በእሷ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሄደህ ሽማግሌዎቹን ብትጠይቅ፣ እጄ ያልፈታው ሞተር እንደሌለ ይነግሩህና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንዲት ውይይት መኪና ግን አቅታዋለች» ይሉሃል። የእሷን ነገር ልንገርህ።

ወጣት ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም፤ የተቃጠሉት ታንኮች ከመንገድ ዳር አልተነሱም። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የተጣሉ ሞተሮችን ስፈታና ስገጥም ራሴን አስተማርኩ፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እንደ እኔ ያለ ጆሮ የነበረው መካኒክ አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

አንድ አዛውንት ሹፌር ከኋላዋ አግዳሚ የተሠራላት አሮጌ ፒካፕ፣ ውይይት የምንላት ዓይነት፣ ነበረቻቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ሲያመላልሱ ፀጉራቸው ሸብቷል። አንድ የክረምት ጠዋት ጋራዤ ደጃፍ እየተንተፋተፈች መጣች። ከኋላ የተቀመጠች ሴት «ጋሼ፣ ይቺ መኪና እንደ እኔ ጉልበት ዳገት ጠላች እኮ» ስትላቸው፣ «ያንቺም ጉልበት መካኒክ አጥቶ ነው» ብለው ሁሉን አሳቁ። ለእኔ ግን በቀስታ «ሚስ ታደርጋለች፣ እሳቷ ይቆራረጣል፤ ፈልግልኝ» አሉኝ።

ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ ነቀልኩ። አንዱ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ የማይሠራው እሱ ነው ማለት ነው። አገኘሁት። ካንዴላው ግን ደህና ነበር። ሞቃቱ ኮምቦልቻ ላይ ምንም የማትል መኪና፣ ደሴ ጉም ውስጥ ስትገባ ለምን ትንተፋተፋለች? እርጥበት ነው አልኩ። የሹፌሩን ጋቢ ተቀብዬ፣ ማራገቢያው እንዳይዘው ጫፉን በጥርሴ ነክሼ፣ ኮፈኑ ሥር ከሞተሩ ጋር ተከናነብኩ። በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ እሳት በክዳኗ ላይ እንደ ትል ስትሳብ አየሁ። ተሰንጥቃ ነበር። ክዳኗን ቀየርኩ፤ ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል መታ።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። «እጅህን አይንሳን።»

ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። «አሁንም ትዘላለች።» ገመዶቹን ቀየርኩ። ተመለሱ። ካርቡሬተሩን አጠብኩ። ተመለሱ። ተሳፋሪው ሁሉ «ያ ጉረኛ ጋራዡን ዘግቶ ቆሎ ይሽጥ» ማለት ጀመረ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ አብሬዎት እወርዳለሁ» አልኩ።

ሰው ሳንጭን ወረድን። ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ ፀሐይ መስታወቱን መታው። ጠመዝማዛው ላይ መኪናዋ ዘለለች፣ ተንገጫገጨች። ጆሮዬ ግን የካንዴላዎቹ እሳት አንዴም እንዳልተቋረጠ ነገረኝ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ «እስቲ እኔ ልያዛት» አልኩ። በእኔ እጅ ለስላሳ ሆነች። እሳቸው ሲይዟት እንደገና ዘለለች። ገመድ እንደምነቅል ሁሉንም በየተራ ፈትኜ ጨርሻለሁ፤ ያላየሁት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ወደ ታች አየሁ። ቀኝ እግራቸው ነዳጅ መስጫው ላይ ይንቀጠቀጣል። በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ተጭነው ይዘውታል።

ዳር ይዘው አቆሙ። «መኪናዋ ናት፣ አይደል?» አሉኝ።

«መኪናዋ ደህና ናት፣ ጋሼ።»

የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የጋለ ፍሬን ይሸት ነበር።

«ከእንግዲህ ሰው አልጭንም» አሉ። «የመንገዱን ገደል አውቀዋለሁ። ግን ልጄ፣ እግሩ ከዳው ብለው ከሚያዝኑልኝ፣ መኪናዋ አልሠራ አለች ይበሉ። ልጁ አቃተው ይበሉ።»

ልጁ ያሉት እኔን ነው። ከፈታሁት ሞተር ሁሉ ያቺ «እሺ» ከበደችኝ። ግን አልኳት።

«አብሽር» አሉኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ።

መኪናዋን ግቢያቸው አቆምናት። የተሰነጠቀችውን ክዳን መልሼ ገጠምኩላት። ጉም በወረደ ጠዋት ሁሉ እየሄድኩ አስነሳታለሁ፤ ስትንተፋተፍ ሰፈሩ ይሰማል። እሳቸው ከበረንዳው ሆነው፣ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ጮክ ብለው «አሁንም አቃተው» ይላሉ። ከዚያ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋሉ። ያ እጅ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

መንቀጥቀጡ ከእግር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ምላስ ወጣ። በመጨረሻው ክረምት ከአልጋ አልተነሱም። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነበር። አንድ ጠዋት ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉና፣ ቃሉን እያነሱ እየጣሉ፣ «ደህናይቱን... ግጠምላት። ልስማት» አሉኝ።

ደህናይቱን ክዳን ገጠምኩ። አስነሳኋት። በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ እኩል መታች፤ አንዴም አልዘለለችም። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ቀኝ እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ነዳጅ እንደሚሰጥ ይጫናል።

ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ተሠራች እንዴ? ጋሼ፣ ተነስተው ሊነዱልን ነው?»

አፋቸውን ከፈቱ። ቃል አልወጣቸውም። ወደ እኔ አዩ።

ሞተሩን አጠፋሁ።

«የለም» አልኩት። «አቃተኝ።»