አዋላጇ ያልመጡበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ምጥ ይዟት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስትገባ፣ እኛ ዘመዶቿ ሁላችን ከበር ቀረን። አተት ገብቷል፣ አስታማሚ አይገባም ተባለ። ምራቴ የገንፎውን ሳህን እንደያዘች ከዘበኛው ጋር ተጨቃጨቀች። የልጅቱ አክስቶች ደግሞ እንደ ለማኝ ደጅ ላይ መቀመጣችን አንገብግቧቸው ያጉረመርማሉ። እኔ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሳላውቀው ፈገግ ብዬ ኖሯል፣ ምራቴ ዞር ብላ ተቆጣችኝ።

"እማማ፣ ምን ያስቅዎታል? ልጅቱን ብቻዋን አስገብተን?"

ብቻዋን አለመሆኗን ለማስረዳት ስል የራሴን ነገር አነሳሁባት። ስጨርስ "ይህንማ ይጻፉት እንጂ" አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም ይኸው ሞከርኩት።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ወዲህ ነው። እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል፤ አንዳንዴ አለ ይሉኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ስሙን ሳነሳባቸው ወሬ ይለውጣሉ። በአገራችን ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ ሆዴ ሲገፋ አማቴ በበቅሎ አሳፍረው ከሮብ ገበያ በላይ ወዳለው ወደ እናቴ መንደር ሰደዱኝ። ወሩ ኅዳር ነበር። ጧት ጧት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይነጋል፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ የታጨደው ገብስ ሽታ መንደሩን ይሞላዋል። የምበላው ነገር ልክ አልነበረውም። በሶው፣ ቅንጬው፣ የተጠበሰው እሸት፣ ምኑም አይቀረኝም። እናቴ "የሁለት ሰው ብይ ቢሉሽ የአራት ሰው ትበያለሽ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያን ጊዜ ከቆላው በኩል ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች መጥተው በየዘመዱ ቤት ተጠግተው ነበር። ከእነሱ ጋር ይሁን ከገበያ እንጃ፣ ፈንጣጣ ገባ። ከተማ ውስጥ ጣሊያኖቹ ይከትባሉ የሚል ወሬ እንሰማ ነበር። ነገር ግን ወንዱ ወደ ከተማ ከወረደ የሽፍታ ዘመድ ነህ ተብሎ ይታሰራል፤ ሴቱ ደግሞ መርፌው መርዝ ነው ብሎ ይፈራል። ከሰማይ መርዝ ያዘነበ ሰው በመርፌ መድኃኒት ይሰጠኛል ብሎ ማን ይመን? እኔ ዛሬም አልፈርድባቸውም።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሜ ትኩሳት ያዘው፣ ከዚያም ፊቱ ላይ ወጣበት። በዚያው ጧት ከደጃችን እሾህ ተጣለ። ይህ ጭካኔ አይደለም፣ የአገሩ ደንብ ነው። ፈንጣጣ የገባበት ቤት ደጁ በእሾህ ይዘጋል፤ ጎረቤት እህልና ውሃውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ተጣርቶ፣ ይሄዳል። ገብቶ የሚያስታምመው ከዚህ በፊት ፈንጣጣ ወጥቶለት የዳነ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ አይነካውም። እናቴ አልወጣላትም ነበር፤ ግን ልጇን ጥላ ወዴት ትሂድ? እሾሁ እንደተጣለ እሷ ከውስጥ ቀረች።

እኔን ከቤት አውጥተው ከወንዙ ማዶ፣ የእህል ጠባቂ ጎጆ ውስጥ ብቻዬን አስቀመጡኝ። በሽታው ወደ እኔ ተሻግሮ እንደሆነ ገና የሚያውቅ ስለሌለ እኔንም የሚጠጋኝ አልነበረም። የመንደሩ አዋላጅ እትዬ የሻረግ ነበሩ። ምጡ ሊመጣ ሲቃረብ ወደ ወንዙ ዳር መጡና ከማዶ ሆነው አነጋገሩኝ።

"ልጄ፣ እኔ አልወጣልኝም። አንቺ ዘንድ ከገባሁ ሌላ ሴት ቤት መግባቴ ቀረ። በዚህ ወር ደግሞ ሁለት ሴቶች እጄን ይጠብቃሉ፤ የአንደኛዋ ልጅ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል።"

"እኔስ እትዬ? እኔን ለማን ትተውኝ ነው?"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተመለሱ። አምርሬ አለቀስኩ። እንደ እንስሳ ሜዳ ላይ ልሞት ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ግን አትጠገብን ይዘው መጡ። አትጠገብን መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። በልጅነቷ ፈንጣጣ ፊቷን ጠቃቅሶት አልፏል። ልጅ አልወልድ ብላ ባሏ ስለፈታት በወንድሟ ግቢ ጥጥ እየፈተለች ትኖር ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ያልወለደች ሴት የምጥ ቤት አትገባም፤ ምጥ ሲጀምር ተነሥታ ትወጣለች። አትጠገብ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወጣ ነው የኖረች። እንዴት ተደርጎ ብለው ያጉረመረሙ ሴቶች ነበሩ።

እትዬ የሻረግ ተቆጡ። "የሚገባ ሌላ ሰው አለ? ካለ ይምጣና የፊቱን ጠባሳ ያሳየኝ!"

ማንም አልመጣም። አትጠገብ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙን ተሻገረች።

"ምን እንደማደርግ አላውቅም" አለችኝ ገና ከበሩ።

"እኔም አላውቅም" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ምጡ የመጣው ጧት ነው። የመንደሩ ሴቶች ከወዲያ ማዶ ተሰብስበው ማርያም ማርያም ይላሉ፣ እትዬ የሻረግ ደግሞ ከወንዙ ዳር ቆመው ያዝዛሉ። በጆሮ የሚነገረውን ሁሉ ጮኸው ነው የሚናገሩት! "ጀርባዋን ደግፊ! ጉልበቷን ክፈቺው! ምን አፈርሽ!" አትጠገብም "ራሱ እየታየ ነው መሰለኝ!" ብላ ትመልሳለች። አጠገባችን ገብስ የሚያጭዱ ወንዶች ማጭዳቸውን እየጣሉ ኮረብታውን ዞረው ጠፉ። በኋላ እንደሰማሁት አንዱ ሽማግሌ "በዚህ ዕድሜዬ ያልተማርኩትን ተማርኩ" ብለዋል።

ከኮረብታው አናት መንገድ የሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል። ወታደር ካየ ዱላውን ያነሣል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ዝም ይላል። ባሌ ጫካ ስለሆነ ምጤ ከተሰማ ጎጆዋንም እኛንም እንደሚያቃጥሉን እናውቅ ነበር። የፈራነው ነገር በክፉው ሰዓት መጣ። ጭንቀቱ ሲበረታብኝ ሰውየው ዱላውን አነሣ። የሴቶቹ ድምፅ ጠፋ። የእትዬ የሻረግ ድምፅም ጠፋ። ከታች ከመንገዱ የበቅሎ ኮቴና የወታደሮች ወሬ ብቻ ይሰማል። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ አትጠገብን አየኋት። ላቧ በጠባሳዋ ላይ ይወርዳል። ከማዶ የሚነግራት የለም። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ የዚያን ሁሉ ሴት ጸሎት ብቻዋን፣ "ማርያም፣ ማርያም" አለችልኝ። ከዚያ ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷን የተቀበለቻት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ዱላው ሲወርድ እትዬ የሻረግ "በሕይወት አላችሁ?" ብለው ጮኹ። ልጄ ራሷ በመጀመሪያ ለቅሶዋ መለሰችላቸው። እትብቱን አትጠገብ በፈተለችው ክር አስራ፣ እትዬ የሻረግ በጨርቅ ጠቅልለው በወረወሩት ምላጭ ቆረጠችው። እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም ሲበዛብኝ ደግሞ፣ "ባዶ ቅል ስጫትና ትንፋበት! ሆዷንም ከእምብርቷ በታች እሺው!" አሉ። እኔ ባለኝ ትንፋሽ ቅሉን እንደ መለከት ነፋሁት። ከማዶ ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። እንግዴ ልጁ ሲወጣልኝ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ የሴት ልጅን ሦስት እልልታ በቀስታ አሉልኝ።

ፈንጣጣው አልያዘኝም። ወንድሜም ፊቱ ጠባሳ ይዞ ተረፈ፤ እናቴም ተረፈች። በሰማንያ ቀኗ ልጄ ክርስትና ስትነሣ አትጠገብ የክርስትና እናቷ ሆና አቅፋት ቆመች። ከዚያ ወዲያ በመንደራችን ምጥ ሲመጣ አትጠገብን "ውጪ" ያላት ሰው አልሰማሁም። እትዬ የሻረግም በዚያው ወር ሁለቱን ሴቶች አዋለዱ። የተጋደመውን ልጅ በእጃቸው አዙረው አውጥተውታል፤ እናቱም እሱም ዳኑ።

ጣሊያን ወጥቶ ባሌ ከጫካ ከተመለሰ በኋላ የወለድኳቸውን ልጆች ሁሉ የተቀበሉልኝ እትዬ የሻረግ ናቸው። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንስተን አናውቅም። አርጅተው አልጋ ሲይዙ አስጠሩኝ። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርገው እጄን ያዙ።

"ያን ቀን ስላልመጣሁልሽ ይቅር በይኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው? ቢመጡ ኖሮ እነዚያ ሁለት ሴቶች ምን ይሆኑ ነበር? እኔማ የማመሰግንዎት ስላልመጡ ነው።"

ከልቤ ነበር። ልጆች ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"ወንዙ እኮ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር" አሉ።

ያን ቀን የተጨነቅኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጉልበት ከማይደርስ ውሃ ፊት ቆሞ አለመሻገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ከአልጋቸው አጠገብ ነው። አሁን እኔም እሳቸው ያን ጊዜ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። በየወሩ በማርያም ቀን የሁለቱንም የክርስትና ስም በጸሎት እንዲያነሱልኝ ለቄሱ እሰጣለሁ። የማንን እንደማስቀድም ግን እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። አንዱን ወር አትጠገብን አስቀድማለሁ፣ አንዱን ወር እትዬ የሻረግን።