ተራራውን ያዳመጠው ብሪሶን

ብሪሶን የንብ አናቢ ልጅ ነበር። የተወለደው በሳሞስ ደሴት፣ ከተራራው በስተሰሜን፣ ትልቁ ምንጭ በሚፈልቅበት መንደር ነው። አባቱ የሸክላ ቀፎዎቹን ዳገቱ ላይ ደርድሮ በብርዱ ወራት አንዱንም ሳይከፍት ጆሮውን እየለጠፈ ያዳምጥ ነበር። "ይሄ ደህና ነው። ያኛው አውራው ሞቷል፣ አልቅሱለት" ይል ነበር። ልጁም ማዳመጡን ተማረ። ንቦቹን ግን አልወደዳቸውም፤ እነሱም አልወደዱት። ፊቱ አብጦ ያላደረበት ሳምንት አልነበረም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው "ድንጋይ አይናደፍም" ብሎ መሮና መዶሻ አንሥቶ ጠራቢ ሆነ።

ከተማው ከተራራው በወዲያ በኩል፣ በስተደቡብ፣ ወደቡ አፍ ላይ ነበር። ሕዝቡ ከዓመት ዓመት ሲበዛ ጉድጓዱ ከዓመት ዓመት ይጎድላል። ጥሩው ውሃ ደግሞ ያለው በሰሜን ነው። በተራራው ዙሪያ ቦይ ቢዘረጋ ጠላት በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚሰብረው እሱን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ገዢው ተራራው ይበሳ ብሎ ቆረጠ። ከባሕር ማዶ የመጣው መሐንዲስ ለክቶ ለካክቶ፣ ግማሹ ሠራተኛ ከሰሜን፣ ግማሹ ከደቡብ እንዲቆፍርና መሐል ላይ እንዲገናኝ አዘዘ። ከተማው በሙሉ ሳቀ። ብሪሶንም ከሰሜኑ ጠራቢዎች ጋር ገባ።

ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው የብሪሶን ሚስት ኪዲላ ነበረች። የከተማ ልጅ ናት፤ ስታገባው ምንጩ አጠገብ እኖራለሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር። እናቷ ግን ስለታመመች ከተማ ተመልሳ ታስታምማት ጀመር። ባሏ በበዓል ተራራውን ዞሮ ሲመጣ በር ላይ ትቀበለዋለች።

"የሰው ባል ቤት ይሠራል፤ የኔው ተራራ ይበላል። ዛሬስ ስንት ጎረስክ?"

"አንድ ክንድ።"

"በቀን?"

"በስድስት ቀን።"

"በአምላካችን በሄራ! እኔ አርጅቼ፣ አንተ አርጅተህ፣ ውሃው ሲመጣ ለሬሳችን መታጠቢያ ይሆናል በለኛ!" ትልና የገብስ ቂጣውንና ሰርዲኑን ታቀርብለታለች። እሷም ውሃ ለመቅዳት ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ጉድጓዱ ላይ ተጋፍታ የመጣች ናት። ክንዷ ላይ የሰው ጥፍር የቧጨረውን ያያል።

ቁፋሮው በተጀመረ በአራተኛው ዓመት የድንጋይ ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አጠፋው። የሰሜኑ አለቃ ኤርጎቴሌስ፣ አንገተ ደንዳና፣ ቁጣው ከመዶሻ የሚከብድ ሰው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጠብቆ ጠራው።

"ብሪሶን፣ በአንድ ዓይን መሮ የሚመታ የጓደኛውን ጣት ነው የሚቆርጠው። ከዛሬ ጀምሮ ዘንቢል ትሸከማለህ።"

"አለቃ፣ እጄ እኮ ደህና ነው።"

"እጅህን አልጠየቅኩህም።"

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ስብርባሪ ድንጋይ ከዋሻው ውስጥ ወደ ደጅ አመላለሰ። ጠራቢዎቹ "ጉንዳን" አሉት፤ ስሙ ሳይረሳ አልቀረም። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። "ስንጀምረው ነበርኩ፤ ሲያልቅም እኖራለሁ" ይል ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት የሰሜኑ ወገን ክፉ ነገር ገጠመው። ጠንካራው ድንጋይ አለቀና የበሰበሰ፣ ውሃ የሚያፈስ አለት መጣ። ጣራው ሁለት ጊዜ ተደረመሰ፤ ሰው ባይሞትም ማንም ወደዚያ መግባት አልፈለገም። ኤርጎቴሌስ የተሰበረውን ቦታ ለመሸሽ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ብዙ ቆፍሮም ወደ ግራ ተመለሰ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተሠመረው ልክ ስንት እንደሄዱ ይናገራል። የደቡቦቹ ዋሻ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ተላልፈው ቢሆንስ? ሁሉም ያስበዋል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ።

አንድ ቀን ጠራቢዎቹ ሲቀያየሩ ብሪሶን ዘንቢሉን አውርዶ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ድንገት ቀና አለ። ከዚያ ጆሮውን መልሶ ለጠፈ።

"አለቃ፣ እየመቱ ነው።"

"ማን?"

"ደቡቦቹ። በግራ በኩል ናቸው። ከእኛም ዝቅ ብለዋል።"

ጠራቢዎቹ ሳቁ። "ዓይኑን ድንጋይ በላው፤ አሁን ደግሞ ጆሮውን ሊያበላ ነው!" አለ አንዱ። ኤርጎቴሌስም ጆሮውን ለጠፈ፤ የሰማው የራሱን ልብ ምት ብቻ ነበር።

"የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው የሰማኸው" አለ።

"ውሃ ትንፋሽ አይወስድም፤ ሰው ግን መትቶ ያርፋል። እነዚህ መትተው ያርፋሉ። ካላመንከኝ ፈትነኝ። ሰው በተራራው ላይ ይሂድና ለደቡቦቹ ይንገራቸው። ነገ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ዝም ይበሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ደስ ያለውን ቁጥር ይምታ። ስንት እንደመታ እነግርሃለሁ።"

ኤርጎቴሌስ ዙሪያውን አየ። ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት። ዘጠኝ ዓመት የደከመበት ሥራ ከንቱ እንዳይቀር የፈራው፣ ከጠራቢዎቹ ይልቅ እሱ ነበር። "እሺ፤ ካልሆነ ግን ዘንቢሉንም እነጥቅሃለሁ" አለ።

በማግስቱ አንድ ሰው ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ጥላውን ጠበቀ። እኩለ ቀን ሲሆን "አሁን!" ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱም ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ዋሻው ጫፍ ደረሰ። መዶሻው ሁሉ ቆመ። ብሪሶን ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ መንጋጋውን አለቱ ላይ ለጠፈ። ብዙ ቆየ።

"ሰባት" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ደግሞ ሦስት። ከዚያ አሥራ አንድ። አሁን አቆመ።"

መልእክተኛው ወደ ማታ እያለከለከ ተመለሰ። ኤርጎቴሌስ ደጅ ላይ ያዘው። "ስንት መቱ?"

"ፓክቲዮስ የሚባል ረጅም ሰው ነው የመታው። ሰባት፣ ሦስት፣ አሥራ አንድ።"

ኤርጎቴሌስ ሄዶ የራሱን መዶሻ አመጣና ለብሪሶን ሰጠው። "መንገዱን አንተ ምራ" አለው።

ብሪሶን መራ። በየማለዳው ያዳምጣል፤ ወደ ግራ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ እነሱም ይከተሉታል። ደቡቦቹም ድምፃቸውን ሰምተው ወደ እነሱ ታጠፉ። ከአንድ ወር በኋላ መዶሻው ለሁሉም ያለ ጆሮ መለጠፍ ተሰማ። ከዚያ የሰው ድምፅ ተሰማ። በመጨረሻ ብሪሶን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመታው መሮ ወደ ባዶ ገባ፤ በቀዳዳው የኩራዝ ብርሃን ወጣ።

"እናንተ ሰሜኖች!" አለ ከወዲያ የፓክቲዮስ ድምፅ፤ "ዘጠኝ ዓመት ተኝታችሁ ዛሬ ነው የነቃችሁት?"

"እናንተን ፍለጋ ነው የዘገየነው! መንገድ ስታችሁ ወደ ባሕሩ ስትሄዱ ባልጠራችሁ ግብፅ ትደርሱ ነበር!" አለ ብሪሶን።

"ምን አልክ? የታጠፍከው አንተ አይደለህ!"

አቧራ የለበሰ ክንድ በቀዳዳው ወጣ። ብሪሶን ያዘው። ሁለቱም ስድባቸውን ሳይጨርሱ ማልቀስ ጀመሩ። ቀዳዳው ሲሰፋ የደቡቦቹ ወለል ከሰሜኖቹ በጉልበት ቁመት ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚያ ሁሉ ተራራ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ፣ አንድ ጉልበት! ጩኸቱ ከዋሻው ሁለት አፎች ወጥቶ ተራራውን ያናወጠው መሰለ። ኤርጎቴሌስ፣ ያ ቁጡ ሰው፣ ብሪሶንን ትከሻው ላይ አወጣው፤ ጣራው ዝቅ ስላለ ግንባሩ ተጋጨና "አውርደኝ፣ የቀረችኝንም ዓይን ልታጠፋ ነው!" ብሎ እስኪለምን ድረስ ተሸክሞ ሮጠ።

ብሪሶን በሰሜን ገብቶ በደቡብ ወጣ። ከእሱ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው አልነበረም። ከዋሻው አፍ ቁልቁል ሲያይ ወደቡ፣ መርከቦቹ፣ የከተማው ጣራ ሁሉ በፀሐይ ያበራ ነበር። ወሬው ቀድሞት ስለነበር ሴቱ ወንዱ ዳገቱን እየወጣ ነው። ኪዲላ ከፊት ናት፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

"በየት መጣህ?" አለችው፣ እያወቀች።

"በአቋራጭ።"

ስታቅፈው ነጭ አቧራው በሙሉ ወደ እሷ ተላለፈ። ሰው ሁሉ እያየ ሳቀች፤ እንደ ድሮው ሳቅ ግን አልነበረም።

በዋሻው ወለል ላይ ቦዩን መቦርቦርና የሸክላ ቧንቧውን መዘርጋት ገና ዓመታት ፈጀ። ውሃው ከተማ የገባ ዕለት ኪዲላ እንስራዋን ሞላች። መጀመሪያ ለእናቷ አጠጣች፤ አሮጊቷ እስከዚያ ድረስ ኖራ ነበር። የቀረውን ባሏ ራስ ላይ አፈሰሰችው። ጉድጓዱ ላይ የተጋፉት ሴቶች አሁን አዲሱ የውሃ መቅጃ ላይ ተቀምጠው ያወሩ ጀመር።

ብሪሶን ከዚያ በኋላ የቦዩ ጠባቂ ሆነ። ኩራዝ ይዞ ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ ጭቃ ይጠርጋል፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ ይለውጣል። ፓክቲዮስ በየዓመቱ በሄራ በዓል ወይን ይዞ ይመጣና ቀዳዳውን መጀመሪያ ማን ከፈተው በሚለው ይጨቃጨቃሉ፤ አንድም ዓመት አልተስማሙም። የብሪሶን ፀጉር ከሸበተ በኋላም ከሩቅ አገር የመጡ መርከበኞች ተራራውን ሊያዩ ሲመጡ መሪያቸው እሱ ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ "ይሄ ለምን ጠመመ?" ይሉታል።

"እዚህ ተራራው እምቢ አለን" ይላቸዋል ብሪሶን ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ። "ኑ፣ እሺ ያለበትን ላሳያችሁ።" ኩራዙንም ከፍ አድርጎ ይቀድማቸዋል።